ከወንበሩ ሥር ያለው ስም

ጥር 8፣ ማክሰኞ

አራት ወንበር አጣበቅኩ። እንጨቱ እንደገና እርጥብ ነው። ለአለቃ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ደረቅ ነው ያልክበት ቀን አለ?»

የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሳማርር ነው የኖርኩት። ድሮ ለአባቱ፣ አሁን ለእሱ።

ጀርባዬ ደህና ነው። ግራ ጉልበቴ ግን ደረጃውን ጠልቷል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ኮሌጅ ውስጥ የቤት ዕቃ ዲዛይን የምታስተምር መምህርት። ክሊኒክ ተራ ስትጠብቅ የተቀመጠችበት ወንበር ተስማማት፤ ተነስታ ገለበጠችው። በሽተኛው ሁሉ እያያት! ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ስም አገኘች። የኔን።

«እርስዎ ነዎት?»

«ስሙ የኔ ነው።»

«አራት ወር ሙሉ ስፈልግዎት!»

ምን ይባላል... ሻይ አስመጣሁላት። ኤግዚቢሽን እያዘጋጀሁ ነው አለች። የታወቀ ሰው ሥራ አይደለም የሚቀርበው፤ ሰው ማን እንዳሰበው ሳይጠይቅ የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት፣ የሚጽፍበት ዕቃ ነው። ወንበሩ መሀል ላይ ይቆማል አለች። ከነስሜ።

ሻዩ ሳያልቅ መናገር ነበረብኝ። ሻዩ አለቀ።

ጥር 9፣ ረቡዕ

ትናንት ለመምህርቷ መናገር የነበረብኝን ዛሬ መላጊያውን እየገፋሁ ስደረድረው ዋልኩ። አሁንማ አንደበቴ ተፈታ። እንዲህ ነበር የምላት፦

እኛ ቤት ስሙን የሚጽፈው ያጣበቀው ሰው ነው። የድሮው ጌታችን፣ የአለቃ አባት፣ ያወጣው ሕግ ነው። የወንበር እግር ተነቅሎ ሲመጣ ገልብጦ ያያል፤ ስሙን ያነባል፤ ከዚያ ያ ሰው ጆሮው እስኪቀላ ይሰደባል። ስሙ ማን እንዳሰበው አይናገርም። ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ ነው የሚናገረው።

ወንበሩን ያሰበው ሚሊ ነው።

ሚሊ ያልነው ሚሊሜትር ለሚባል ነገር ነፍሱን ስለሚሰጥ ነው። ሌላው ሰው «እስቲ ትንሽ ቀንሰው» የሚለውን እሱ «ሁለት ሚሊ» ይላል። አንድ ቀን ጌታችን ሰልችቶት «ሚስትህንም በሜትር ለክተህ ነው ያገባሃት?» ቢለው፣ «አይ፣ እሷን በዓይን ገመትኩ፤ ለዚህ ነው ያልገጠመው» አለ። ሳቅ የለም ፊቱ ላይ።

ያን ሰሞን ጀርባዬን ታምሜ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ቁጭ ማለት አልችልም። ምሳዬን እንደ ፈረስ ቆሜ ነበር የምበላው። ሚሊ አንድ ቀን «ሸሚዝህን አውልቅ» አለኝ። ወፍራም ሽቦ አመጣና ከአንገቴ እስከ ወገቤ ጀርባዬ ላይ እየተጫነ አጎበጠው። ሽቦው በረዶ ነበር። ያንን ሽቦ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ አስተኝቶ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረ። ከዚያ ሦስት ወር፣ በምሳ ሰዓት ብቻ፣ እየቆረጠ፣ እያስቀመጠኝ፣ እያስነሳኝ... አሥራ አንዱን ወረወረው። አሥራ ሁለተኛው ዛሬ ድረስ ከመስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለው ፎርማ ነው። እሱን እያየን ነው ሁሉንም የምንቆርጠው።

የኔ ድርሻ ጀርባ መኖሬ ነው። እሱንም የሰጠችኝ እናቴ ናት።

ጥር 15፣ ማክሰኞ

መምህርቷ ሦስት ተማሪዎች ይዛ መጣች። ወንበሩን ለኩት፣ ፎቶ አነሱት፣ አዩኝ። እንደ ቅርስ ነው የሚያዩኝ።

ተናገርኩ። ቆርጬ ነበር የመጣሁት።

«ይህን ወንበር ያሰበው ሌላ ሰው ነው። እኔ አጣባቂ ነኝ።»

መምህርቷ ሳቀች። ፌዝ የለበትም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው። «እናንተ እውነተኛ ባለሙያዎች ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ» አለች። አንዲቷ ተማሪ አቀርቅራ ትጽፋለች።

«ምን ጻፍሽ ልጄ?»

«‹እኔ አጣባቂ ነኝ› ያሉትን። በጣም ደስ ይላል።»

«ደስ እንዲል አይደለም ያልኩት።»

ይህንንም ጻፈችው።

ጥር 16፣ ረቡዕ

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«ሚሊ ይህን ሁሉ ዓመት አፉ የት ነበር?»

«ምን እንዲል?»

«የኔ ነው እንዲል! ሰው የራሱን ነገር የኔ ነው ማለት ካልቻለ አንተ ምን አገባህ? ሲያነሱህ አትንፈራገጥ።»

ሌላ ሽንኩርት አቀበልኳት። እየተቀበለችኝ፦

«ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ባሌ ኤግዚቢሽን ሊገባ ነው ብዬ። ሃያ አራት ዓመት ‹ያ እንጨት ፋቂው› ሲልህ እየሰማሁ ምሳ አቅርቤለታለሁ። አንድ ቀን እንኳ በተራዬ ልኩራበት።»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርቱ ነው... ሽንኩርቱ ብቻ ግን አይደለም።

ጥር 21፣ ሰኞ

እዚህ ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይረባል?

ቀንቼበታለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ያ ሽቦ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ እንኳ «ይሄን ለምን እኔ አላሰብኩትም?» ነበር ያልኩት። የታመመው እኮ እኔ ነበርኩ! ሕመሙ የኔ፣ መፍትሔው የሱ።

አምስት ጊዜ የራሴን ወንበር ሞክሬአለሁ። አንደኛው የሚሊ ወንበር ሆኖ አረፈው፤ እጄ መንገዱን ለምዶታል። ሁለተኛው የተቀመጠበትን ሰው ወደ ፊት ይደፋ ነበር። ሦስተኛው ቤት አለ፤ ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች፣ «ጎበዝ ወንበር ነው፣ ልብስ አይጥልም» ትላለች። የቀሩትን ሁለቱን ለምድጃ ሰጠኋቸው።

ሌላም አለ። ክሊኒኩን የከፈተው ሐኪም ወንበሮቹን ሊወስድ የመጣ ቀን ቁጭ ብሎ «ይህን ማን አሰበው?» ብሎ ጠየቀ። ጌታችን ወንበሩን ገለበጠ፣ ስሜን አየ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ይሄ ነዋ!» አለ። ያኔ ስሜ የተጻፈው ስላጣበቅኩ መሆኑን እሱም ያውቃል። ግን ሐኪሙን ሊሸኝ ቸኩሏል። እኔ አልቸኮልኩም። ፈገግ አልኩ።

ከኋላዬ፣ ከጣውላው ክምር ማዶ፣ ሚሊ መላጊያ እየገፋ ነበር። የመላጊያው ድምፅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

ይኸው ነው። እሱም ምንም አላለም፤ እኔም። አሥራ ስምንት ዓመት።

የካቲት 2፣ ዓርብ

አለቃን አናገርኩት። ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ በሩን ስዘጋ ሥራ ልለቅ መስሎት ደነገጠ።

ሲሰማኝ ቆየና፦ «ጋሼ፣ ሚሊ መሆኑን አጥቼው ነው? እሱ ሰጋቱራ ውስጥ እያንከባለለ ነው ያሳደገኝ።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ምን ልበል? አባቴ ሞቷል። ሚሊ ከሥራ ከወጣ ስድስት ዓመቱ። ሰው እየደወለ ያንተን ወንበር ነው የሚለኝ። አሁን ‹የሱ አይደለም፣ የሌላ ነው› ብል ‹ታዲያ ስሙ ምን ይሠራል?› ሊሉኝ ነው።»

«ስሙ ለምን እንደሚጻፍ ንገራቸው።»

«ቢሰበር የሚሰደበው ሰው ነው ልበል? ወንበር ልሸጥላቸው እየፈለግኩ?»

አሳቀኝ። የተናደድኩት ከሳቅኩ በኋላ ነው።

የካቲት 4፣ እሑድ

ሚሊ ዘንድ ሄድኩ። ከወጣ ወዲህ አራት ጊዜ ሄጄ ይሆናል። በስድስት ዓመት አራት ጊዜ!

ሴት ልጁ ጋ ነው የሚኖረው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፋርማሲው በላይ። ጉልበቴ ደረጃውን ረገመ።

«ባለ ጀርባው መጣ!» አለ። አንድ ቀጥ ያለ መቀመጫ ላይ ነው የተቀመጠው። እጆቹ ጭኑ ላይ ሆነው ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ። ልጁ ሻይ ስትቀዳለት ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ነው። የኔንም ግማሽ ቀዳችው። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ብቻውን ግማሽ እንዳይሆን ነው።

ነገርኩት። ከመምህርቷ ጀምሬ።

«ሰምቻለሁ። ከታች ያለው ፋርማሲስት ነገረኝ። እሱም ስድስት ወንበር ሊያዛችሁ ነው።»

«ስምህ እንዲገባ አደርጋለሁ።»

«እጄ እርሳስ በሚይዝበት ጊዜ ያልጻፍኩትን?»

«አንተ ያጣበቅከው ስላልነበረ ነው እኮ።»

«እና? አሁን አጣበቅኩት?»

ልጁ ወጥ ቤት ገባች። ጊዜው ይኸው ነው ብዬ አወጣሁት። «ሐኪሙ የጠየቀ ቀን... መላጊያህ ቆሞ ነበር።»

አየኝ። 

«ስለቱ ደንዝዞ ነበር» አለ።

ሚሊ ስለቱን በየጠዋቱ የሚስል ሰው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደንዝዞ አያውቅም። እኔ እንደማውቅም ያውቃል። ይቅር ማለቱ ነው? ወይስ በሩን መዝጋቱ? ብጠይቀው አይመልስም። አልጠየቅኩም።

ስወጣ፦ «ፎርማው አለ?»

«አለ። ምስማሩ ላይ።»

«መስኮቱ ጋ? እርጥበት ይመታዋል። አርቀው።»

የካቲት 5፣ ሰኞ

ፎርማውን ከመስኮቱ አራቅኩት። ይህን ማድረግ ቻልኩ።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ባለቤቴ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ወንድሟን ይዛ መጥታለች።

ወንበሩ ነጭ መድረክ ላይ ቆሟል፤ በገመድ ተከቧል። መቀመጥ ክልክል ነው ይላል። ለመቀመጥ የተሠራ ነገር! አጠገቡ ካርድ አለ፣ ስሜ ያለበት። ከኋላው ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ፊደል የጭንቅላቴን ያክላል፣ «እኔ አጣባቂ ነኝ» ተብሎ ተጽፏል።

እንድናገር ጋበዙኝ። ወረቀት ይዤ ነበር፣ መነጽሬን ረሳሁት። በቃሌ ተናገርኩ። ወንበሩ የኔ አይደለም አልኩ። የሚሊን ሙሉ ስም ከነአባቱ ተናገርኩ። ሽቦውን ነገርኳቸው፣ አሥራ አንዱን የተጣሉትን፣ አሥራ ሁለተኛውን። ሐኪሙ ሲጠይቅ ዝም ማለቴንም ነገርኳቸው። 

አጨበጨቡ። ቆመው ነው ያጨበጨቡት። መምህርቷ ዓይኗን ጠረገች። አንዲት የጋዜጣ ሴት መጥታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ጓደኛዎን እንዲህ ማስታወስዎ ልቤን ነክቶታል። መቼ ነው ያረፉት?»

«ማን?»

«ጓደኛዎ።»

«አላረፈም! ቤቱ ነው፤ ሻይ እየጠጣ ነው።»

«በልብዎ ውስጥ ሕያው ናቸው» አለች፤ እየጻፈች።

መምህርቷን ወደ ጎን ጠራኋት። ካርዱን ቀይሪው አልኳት። አሁን ሳቋን ተወች፤ ቁም ነገሬ ገባት መሰለኝ። «ማስረጃ አለ? የሳቸው ንድፍ፣ ፊርማ፣ ደብዳቤ?» አለች። ምን አለ... ምንም ያልተጻፈበት ኮምፔንሳቶ። «ወንበሮቹ ሁሉ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው እኮ» አለችኝ። «የኤግዚቢሽኑ መጽሔትም ታትሟል። የሰው ንግግር ብቻ ይዤ ስም ልፋቅ? ዛሬ እርስዎን አምኜ፣ ነገ ሌላ መጥቶ የኔ ነው ቢል?»

ልክ ናት። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።

ስንወጣ የባለቤቴ ወንድም እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ትልቅ ሰው ነህ» አለኝ። «የሰው ሥራ ነው ማለትህ... ትልቅ ሰው ነህ።»

የካቲት 20፣ ማክሰኞ

ጋዜጣው ወጣ። «ትሑቱ አናጢ» ይላል። «በሞት ለተለዩት ባልደረባቸው መታሰቢያ።»

ባለቤቴ ቆርጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈችው። «በሞት የተለዩት» የሚለው ጋ አውራ ጣቴን አደረግኩ። ጣቴ ሲነሳ አለ።

ጋዜጣው ቢሮ ደወልኩ። «እርማት ከፈለጉ ሟቹ ራሳቸው በጽሑፍ ያመልክቱ» አለኝ አንዱ። ከዚያ ምን እንዳለ ራሱ ሰማውና ስልኩን ለሌላ አስተላለፈው። ሌላው አላነሳም።

ሚሊ ጋዜጣ ያነባል? ዓይኑ ደህና ነው።

የካቲት 22፣ ሐሙስ

የፋርማሲስቱን ስድስት ወንበሮች አጣበቅኩ። አለቃ ቁሙ፣ ሩጡ፣ ጨርሱ ይላል፤ ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ ትእዛዝ በዝቷል። እንጨቱ እርጥብ ነው አልኩት። «ጋሼ፣ እባክህ!»

ሲደርቁ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወጣሁ... እና የሚሊን ስም ጻፍኩ። ሙሉውን፣ ከነአባቱ። ስድስቱም ላይ። ማንም አላየኝም። ልቤ እንደ ሌባ ይመታል። የሰውን ነገር ለባለቤቱ እየመለሰ ልቡ እንደ ሌባ የሚመታ ሰው አለ?

ስድስት ወንበር ነው። ከዚህ ቤት በኔ ስም ከወጣው አይቆጠርም። ግን ወረቀት አይደለም፤ ማንም ማስረጃ አምጣ አይልም። እንጨት ላይ አለ።

ዛሬ ምግብ ጣፈጠኝ።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

የሚሊ ልጅ መጣች። ማሽኑ ሁሉ እየጮኸ በር ላይ ቆማ አየኋት። ለሰላምታ ተነሳሁ። እጇን አልሰጠችኝም።

«ጋሼ፣ አባቴ ምን አደረገህ?»

«ምን ሆነ?»

የፋርማሲስቱ ወንበር ተነቀለ አለች። አንድ ደንበኛ ተቀምጦ የኋላ እግሩ ወለቀ፤ ሰውዬው መሬት ላይ። ፋርማሲስቱ ገለበጠው፣ ስሙን አነበበ። በየወሩ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ስም! ወንበሩን ተሸክሞ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ።

«‹አባባ፣ ሥራዎን ይመልከቱ› ብሎ ፊቱ አስቀመጠው። አባቴ ስድስት ዓመት መዶሻ አልያዘም! ማንኪያ የምይዝለት እኔ ነኝ!» ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። «በጋዜጣ ገደላችሁት፤ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ከሞት አስነስታችሁ ታሰድቡታላችሁ?»

አለቃ ከቢሮው ወጥቶ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። «የሚሊን ስም ማን ጻፈ?»

«እኔ።»

«ጋሼ... ምን ነካህ?»

ምን ልበለው? ላከብረው ነበር ልበል? እዚህ ቤት ከወንበር ሥር ስም መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ያንኑ ለመምህርቷ ላስረዳ ስንት ጊዜ ለፋሁ። ከዚያ ራሴ ረሳሁት። እሷ የሠራችውን ስህተት ሠራሁት፤ ስሙ ክብር መሰለኝ።

«አባትሽ ምን አለ?» አልኳት።

«ምን ይላል! ‹ይቅርታ ልጄ፣ አስተካክላለሁ› አለው።»

ያ እጅ። አስተካክላለሁ አለው።

መጋቢት 11፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፣ ለጉልበቴ ብዬ። አንደኛው ለጉልበቴ አልነበረም።

ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተገልብጦ፣ ሦስቱ እግሮቹ ወደ ጣራ። አራተኛው አጠገቡ ተጋድሟል። ሚሊ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«ሙጫህ አሁንም ሙጫ አልሆነም» አለ።

«እንጨቱ እርጥብ ነበር።»

«እንጨት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እስኪደርቅ የሚጠብቀው አጣባቂ ነው።»

ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ወደ ስሙ ጠቆመ። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ስሙን እንዳይነካው ግን ይጠነቀቃል።

«አጣመህ ጽፈኸዋል። በስተቀኝ ሦስት ሚሊ ወርዷል።»

«ሚሊ...»

«ጽሑፍህ ደግሞ ከድሮም የዶሮ ጭረት ነው።»

ሌላ የሚናገረው ያለ መሰለኝ።  የለም። ስሙን ብቻ ያያል። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ ስሙን ከዚያ ወንበር ሥር አይቶት አያውቅም፤ እሱ ያጣበቀው ሌላውን ሁሉ ነበር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ። ወንበር የኔ ድርሻ ነበር።

«ልውሰደውና ላስተካክለው» አልኩ።

«አይሄድም።»

«የሰውዬው ነው እኮ።»

«ለሰውዬው ሌላ ሥራለት። በራስህ ስም።»

«ይሄ ተሰብሯል። አይቀመጡበትም።»

«ማን ሊቀመጥበት ነው?»

ልጁ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ትሰማለች። ፊቷ እንደ ትናንቱ አልነበረም። ሁለት ግማሽ ብርጭቆ አመጣች።

ስነሳ ሚሊ የወለቀውን እግር በአገጩ አመለከተኝ። «እሱን ውሰድ። እሱ ያንተ ነው።»

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

ካርዱ አልተቀየረም። መምህርቷ ደውላ ነበር፤ ኤግዚቢሽኑ ሌላ ከተማ ይሄዳል አለች። በጣም ተወዷል አለች። ከሁሉም በላይ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ

የፋርማሲስቱን ወንበር ጨረስኩ። እንጨቱን ዘጠኝ ቀን አደረቅኩት፤ አለቃ ሲመጣ ሲሄድ እያየ አለፈኝ። ፎርማውን ከምስማሩ አወረድኩ፤ ጠርዙን ይዤ ቆረጥኩ። አጣበቅኩ። ሁለት ቀን ጠብቆ ከያዘው ሞርሳ አላወጣሁትም። ከዚያ ገለበጥኩና ስሜን ጻፍኩ። የኔን። ይህኛው የኔ ነው፤ ቢነቀል እኔ ነኝ።

ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩት። ፋርማሲስቱ እንደተቀበለኝ ገለበጠ። አሁን ሁሉ ሰው መገልበጥ ተምሯል።

«እንዴ! በጋዜጣ የወጡት እርስዎ ነዎት? ይሄማ አይቀመጡበትም!» ከመደርደሪያው አጠገብ፣ ሰው በማይደርስበት በኩል አስቀመጠው።

«ሰው ይቀመጥበት እንጂ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቆይልኝ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአምስቱ ላይ የአባባ ስም ነው ያለው። እነሱንስ ይቀይሩልኛል?»

«አይቀየሩም።»

«ቢነቀሉስ? ለሳቸው ልውሰድ?»

«ለኔ አምጣ።»

«ስሙ የሳቸው ነው እኮ።»

«ስሙ የሳቸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አልገባውም። መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው መጣና ተወኝ።

ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩና ቀና አልኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመጋረጃው በላይ፣ ሦስት የወንበር እግር ወደ ላይ ተቀስሮ ይታያል። ከታች የሚያልፍ ሰው ዕቃ እያወጡ ነው ብሎ ያስባል።

አራተኛው እግር እኔ ጋ ነው። ፎርማው በተሰቀለበት ምስማር ላይ አሰርኩት። ሙጫውን አልፋቅኩትም።